ከ5ኛ ክፍል በላይ ላሉ ተማሪዎች የማይነካ የዕለት ዕረፍት እንደሚያስፈልግ

በምዕራብ ጎጃም፥ በፈረስ ቤት፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ባላገር፥ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት አይነዳቸውም። ፀሓይ ሲበረታ ይፈታቸዋል፤ ሣር ያስግጣቸዋል፤ ውሃ ያጠጣቸዋል። ይህንም የሚያደርገው ለበሬዎቹ አዝኖ ብቻ አይደለም፤ ያላረፈ በሬ ትልሙን እንደሚያጣምም ስለሚያውቅ ነው። መሬቱንም ዓመት ከዓመት ሳያሳርፍ ያረሰው እንደ ሆነ ፍሬው እንደሚቀንስ ያውቃል።

ነገር ግን ይኸው አስተዋይ ገበሬ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድ፥ ልጁ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማንበቡን፥ ሒሳብ ማወቁን፥ ፈተና ማለፉን ነው። ይህ መጠየቁ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ዕረፍቱ ከትምህርቱ የተለየ ነገር ስላይደለ፥ ስለ እርሱም ሊጠየቅ ይገባል።

ዕረፍት ማለት ምን እንደ ሆነ

የዕረፍት ሰዓት ማለት በትምህርት ክፍለ ጊዜያት መካከል ደወል ተደውሎ ተማሪዎች ከክፍል የሚወጡበት፥ ተረኛ መምህር እየጠበቃቸው እነርሱ ግን የሚያደርጉትን ራሳቸው የሚመርጡበት ጊዜ ነው። አንዱ የጨርቅ ኳስ ይመታል፤ አንዲቱ ገመድ ትዘላለች፤ ሌሎቹ በመሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሠርተው በአንድ እግራቸው ይዘላሉ፤ ሌሎቹም ገበጣ ይጫወታሉ። አንዳንዱ ደግሞ ከባልንጀራው ጋራ በጥላ ሥር ተቀምጦ ይጨዋወታል። ይህ ሁሉ ዕረፍት ነው።

የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ግን መምህሩ የሚያዝዘውና የሚመዝነው ትምህርት ስለ ሆነ ዕረፍት አይባልም። ለሰንደቅ ዓላማ መሰለፍም፥ ግቢ መጥረግም፥ ውሃ መቅዳትም ዕረፍት አይደለም። ልጆች በነጻ ጨዋታ ጊዜ ወገን መለየትን፥ ተራ መጠበቅን፥ ሕግ ተስማምቶ ማጽናትን፥ ተጣልቶ መታረቅን፥ ተሸንፎም አለመቈጣትን ይማራሉ። እነዚህን መምህር በሰሌዳ ላይ ጽፎ ሊያስተምራቸው አይችልም።

ከፍ ባሉት ክፍሎች ስለ ምን እንደሚጎድል

በብዙ ትምህርት ቤት በማለዳው ክፍለ ጊዜያት መካከል አንድ የዕረፍት ደወል አለ። ነገር ግን የዕረፍት መኖር አንድ ነገር ነው፤ መጽናቱ ሌላ ነገር ነው። ይልቁንም ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የማይጸናበት ብዙ ምክንያት አለ።

አንደኛው ምክንያት የአስተማሪዎች መለዋወጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 4ኛና ከ5ኛ እስከ 8ኛ ብሎ በሁለት ከፈለው። በፊተኛው ክፍል አንድ መምህር ልጆቹን ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር፥ በኋለኛው ግን ለየትምህርቱ ሌላ ሌላ መምህር ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ እንደ ገና ለውጦ አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ፥ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ አድርጎታል። ትንንሾቹን የሚያስተምር አንድ መምህር ልጆቹ እንደ ደከሙ ባየ ጊዜ ወደ ሜዳ ሊያወጣቸው ይችላል። መምህራን በሚፈራረቁበት ክፍል ግን እያንዳንዱ የሚያስበው ስለ ራሱ 40 ደቂቃ ነው። የሒሳቡ መምህር ያልጨረሰውን ምሳሌ ለመጨረስ ከዕረፍቱ 5 ደቂቃ ይወስዳል፤ ቀጥሎ የሚገባው ደግሞ ቀደም ብሎ ይጠራቸዋል። ማንም በክፋት ሳያደርገው ዕረፍቱ ተሸርፎ ያልቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ፈተና ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲቃረብ ወላጅም መምህርም ይጨነቃል፤ የጨዋታም ጊዜ እንደ ባከነ ጊዜ ይቈጠራል።

ሦስተኛው ምክንያት ያመለጠ ትምህርት ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለወራት ተዘግተው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ የተመለሰ ልጅ ያመለጠውን እንዲያካክስ መፈለግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማካካሻው ከዕረፍቱ እንዲወጣ ማድረግ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ይሆናል። ሽብር አይቶ የመጣ ልጅ ከእኩዮቹ ጋራ መሣቅና መጫወት ከሌላው ልጅ ይልቅ ያስፈልገዋልና።

አራተኛው ምክንያት ቅጣት ነው። የቤት ሥራ ያልሠራ ወይም በክፍል ያስቸገረ ልጅ ሌሎቹ ሲወጡ እርሱ ተንበርክኮ ወይም ቆሞ እንዲቀር ይደረጋል። ዳሩ ግን አርፎ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ሮጦ መመለስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ዕረፍቱን የተነሣ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከፊተኛው ይልቅ ያስቸግራል።

ስለ አእምሮ ድካም

የልጅ አእምሮ እንደ ጎተራ አይደለም፤ ያለ ማቋረጥ የተጨመረበትን ሁሉ አይዝም። አንድ ነገር ላይ ለብዙ ጊዜ ሲያተኵር ይደክማል፤ ዓይኑ በመጽሐፍ ላይ ቢሆንም አሳቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ጥቂት ካረፈ በኋላ ግን ታድሶ ይመለሳል።

በአሜሪካ በ2001 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት 8ና 9 ዓመት የሆናቸውን ከ10,000 በላይ ልጆች ተመልክቶ ነበር። በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ከ15 ደቂቃ በላይ ዕረፍት ያላቸው ልጆች፥ ዕረፍት ከሌላቸው ይልቅ በክፍል ውስጥ መልካም ጠባይ እንደሚያሳዩ መምህራኖቻቸው መስክረዋል። ጥናቱ ለዚህ ጠባይ ምክንያቱ ዕረፍቱ ብቻ መሆኑን ባያረጋግጥም፥ የብዙ መምህራንን ልምድ የሚደግፍ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2005 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ዕረፍት ለቅጣትም ሆነ ለተጨማሪ ትምህርት ተብሎ ከልጅ ሊወሰድ አይገባም ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በመካከለኛ ወይም በብርቱ ኀይል ሊያንቀሳቅሱ እንደሚገባ አሳውቋል።

ስለ ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ወላጅ፥ «የባላገር ልጅ ከብት ሲጠብቅና ሲመላለስ ይውላል፤ ለእርሱ ደግሞ ምን ጨዋታ ያሻዋል?» ይላል። ይህ አሳብ ሥራንና ጨዋታን አንድ ያደርጋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሰብል እንዳይበላበት ዓይኑን ከመንጋው አይነቅልም፤ ውሃ የምትቀዳ፥ እንጨት የምትለቅም፥ ሕፃን የምታዝል ልጅም አካሏ ይደክማል እንጂ አታርፍም። ልጅ ባደገ ቍጥር የቤቱ ሥራ ይጨመርበታልና፥ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ልጅ ከ2ኛ ክፍል ልጅ ይልቅ የጨዋታ ጊዜ የለውም። ይልቁንም ለሴት ልጅ፥ ከእኩዮቿ ጋራ ያለ ሥራና ያለ ታዛዥነት የምትቆይበት ጊዜ በትምህርት ቤት ያለው ዕረፍት ብቻ ሊሆን ይችላል። እርሱን የወሰደባት ሰው የልጅነቷን ድርሻ ወሰደባት።

ሌላው ደግሞ፥ «የጥንት ሊቃውንት ያለ ጨዋታ ተምረው ሊቅ ሆነዋል» ይላል። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ስሙ የተጠራ አገር ስለ ሆነ ይህ ነገር መመርመር ይገባዋል። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ አይውልም። ቅኔ ለመቍጠር ብቻውን ወደ ሜዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይወጣል፤ በዚያም አሳቡን አሰላስሎ ይመለስና ለመምህሩ ይነግራል። በበዓልም ቀን ከትምህርቱ ያርፋል። ይህ የልጆች ጨዋታ አይባልም፤ ሆኖም የጥንት መምህራን አእምሮ ያለ ማቋረጥ እንደማይሠራ ያውቁ እንደ ነበረ ያሳያል።

ወላጆች በሌላ አገር ያደረጉት

ይህ ጭንቀት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በፊንላንድ ከ45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ ልጆችን 15 ደቂቃ ማሳረፍ የቆየ ልማድ ነው። በአሜሪካ ግን ትምህርት ቤቶች ለፈተና ሲሉ ዕረፍትን እያሳነሱ ስለ ሄዱ ወላጆች ተነሡ። በፍሎሪዳ እናቶች ተባብረው ለሕግ አውጪዎች አመለከቱ። በ2008 ዓ.ም. ያቀረቡት ሕግ ሳያልፍ ቀረ፤ እነርሱ ግን አልተዉትም። በ2009 ዓ.ም. እስከ 5ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች በየቀኑ ያልተቋረጠ 20 ደቂቃ ዕረፍት እንዲሰጥ ሕግ ወጣ። በኒው ጀርሲም እንዲሁ በ2008 ዓ.ም. አገረ ገዢው ያልተቀበሉትን አሳብ በ2010 ዓ.ም. ሌላው አገረ ገዢ በፊርማቸው አጸኑት። በካሊፎርኒያ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የተፈረመው ሕግ በቀን 30 ደቂቃ ከመወሰኑ በላይ፥ ለራሱ ወይም ለሌሎች አደጋ የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር ልጅን ለቅጣት ብሎ ዕረፍቱን መንሳትን ከልክሏል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። በቀና ፈቃድ ብቻ የተሰጠ ዕረፍት ችግር ሲመጣ ቀድሞ የሚቀረው እርሱ ነው፤ በቍጥር የተወሰነ ዕረፍት ግን ይጸናል። ደግሞም የፍሎሪዳውና የኒው ጀርሲው ሕግ 5ኛ ክፍል ላይ ስለሚያበቃ፥ ከዚያ በላይ ያሉት ልጆች በዚያም አገር ያለ ጥበቃ ቀርተዋል።

በኢትዮጵያም ለጥያቄው መሠረት አለ። የሕፃናት መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ የልጅን የዕረፍትና የጨዋታ መብት ያውቃል፤ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። ስምምነቱ ልጅ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ ስለ ሆነ፥ የ8ኛ ክፍል ተማሪም በመብቱ ውስጥ አለ።

በመንደር ትምህርት ቤት ሊደረግ የሚገባው

1ኛ፤ ወላጆች ጥያቄአቸውን በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ በትሕትና ያቅርቡ፤ የተስማሙበትም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ርእሰ መምህሩም በዕለቱ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ዕረፍቱን ከነደቂቃው ያስፍረው። ከትምህርት ቤቱ ሥልጣን በላይ የሆነው ነገር ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቅረብ።

2ኛ፤ የደወሉ ሰዓት ይከበር። 6 ክፍለ ጊዜ በየ40 ደቂቃው 240 ደቂቃ ነው፤ 20 ደቂቃ ዕረፍት የዚህ 12ኛ እጅ ነው። ተማሪ ከድካም የተነሣ በየክፍለ ጊዜው 5 ደቂቃ ብቻ አሳቡ ቢባዝን 30 ደቂቃ ይጠፋል። ስለዚህ ዕረፍት የከለከለ መምህር ጊዜ አተረፍሁ ብሎ ሊከስር ይችላል። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም፥ ጊዜው አጭር ቢሆን ዕረፍቱን ያሳጥር እንጂ አይሰርዘው።

3ኛ፤ ዕረፍት ለቅጣት አይወሰድ፤ በዚያም ሰዓት ተማሪ ለሥራ አይላክ።

4ኛ፤ ተረኛ መምህር በሜዳው ይገኝ፤ ድንጋይና እሾህ ይለቀም። ትልልቆቹ ወንዶች ሜዳውን ሁሉ በኳስ ይዘው ሴቶችንና ትንንሾችን ወደ አጥር እንዳይገፉ ቦታ ይከፈል። የመጠጥ ውሃና ለሴትና ለወንድ የተለየ መጸዳጃ ቢኖር ዕረፍቱ ይሟላል።

5ኛ፤ በደጋው በፈረስ ቤት በኩል ዝናብና ብርድ ሲበረታ፥ ልጆች በክፍል ውስጥ እንቆቅልሽ ይጠያየቁ፤ ገበጣም ይጫወቱ። ዝናብ መዝነቡ ዕረፍቱን ለትምህርት ለማዋል ምክንያት አይሁን።

6ኛ፤ ወላጅም በበኩሉ፥ ትምህርት ቤቱን የጠየቀውን በቤቱ ይፈጽም። ከትምህርት የተመለሰን ልጅ፥ ይልቁንም ሴቷን፥ ትንፋሽ ሳትወስድ ወደ ሥራ አይስደዳት።

አባቶች፥ «ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት» ብለው ተርተዋል። ልጅን ከልጅ ጋራ እንዳይጫወት የሚከለክል ተረት ግን አልተረቱም። ስለዚህ ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፥ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብሎ ከጠየቀው በኋላ፥ «ዛሬስ ከማን ጋራ ተጫወትህ?» ብሎ ይጨምርለት። ልጁ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ባጣ ጊዜ፥ ወላጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ይገባዋል።