ምድር፣ እምነትና የግሪኮች ማዕድ

የአንድን ሕዝብ ምግብ ስትመለከቱ «ምድሩ ምን ሰጠው? ምንስ ነፈገው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ግሪክ ጥሩ ምሳሌ ናት።

የግሪክ ምድር አብዛኛው ተራራማና ድንጋያማ ነው። በጋው ደረቅና ሞቃት ሲሆን፣ ዝናቡ በብዛት የሚጥለው በቅዝቃዜው ወራት ነው። ስለዚህ ለላም የሚሆን ሰፊ የግጦሽ መስክ እንደ ልብ አይገኝም። በአንጻሩ የአገራችን ወይራ ዘመድ የሆነው የዘይት ወይራ ድርቁን ይቋቋማል፤ በግና ፍየልም ቁጥቋጦ እየቀነጠቡ በተራራው ላይ ይረባሉ። ከዚህ የተነሣ ግሪኮች ከቅቤ ይልቅ በወይራ ዘይት ያበስላሉ። ፌታ የተባለውን አይብ ከበግና ከፍየል ወተት ያዘጋጃሉ፤ እንዳይበላሽም በጨው ውሃ ዘፍዝፈው ያቆዩታል።

ይሁን እንጂ ምግብን የሚወስነው መሬት ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ግሪኮች የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታዮች ናቸው። ከእነርሱ የሚጾሙት በዐቢይ ጾም ሥጋና ወተት፣ ከጥቂት ቀናት በቀር ዓሣም አይበሉም፤ ደም እንደሌላቸው የሚቆጠሩት እንደ ስምንት እግሩ ኦክቶፐስ ያሉ የባሕር እንስሳት ግን ይፈቀዳሉ። ባቄላና ምስርም ዋና ምግብ ይሆናሉ። እንግዲህ ባሕርና እርሻ ካቀረቡት መካከል እምነት መረጠ ማለት ነው።

ታሪክም የራሱን ጨምሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 እና በ1923 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከትንሿ እስያ፣ ተፈናቅለው ወደ ግሪክ ገቡ። ቤታቸውንና መሬታቸውን ቢያጡም የቅመም አጠቃቀማቸውንና የእጃቸውን ሙያ ማንም አልነጠቃቸውም፤ በአዲሱ አገራቸውም ማዕዱን አበለጸጉት።

እናንተም በቤታችሁ ከሚቀርበው ምግብ አንዱን ምረጡ፤ መሬት፣ እምነትና ታሪክ እንዴት እንደቀረጹት በአንድ አንቀጽ አስረዱ።