ንጉሥ የለቀቀው፣ ተማሪ የወረሰው ግቢ

በስድስት ኪሎ ግቢ፣ ከቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣና በቃ ያልቃል። በርም የለው፣ ሰገነትም የለው። ያሠሩት ፋሽስቶች ናቸው፤ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚቆጠረው እያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እንዲጨመርበት ተብሎ። ዘመናቸው ማብቂያ ያለው አልመሰላቸውም ነበር። ከድል በኋላ ደረጃውን ያፈረሰው የለም። አናቱ ላይ አንዲት ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠችበትና ቆጠራው እዚያው ተዘጋ። ከተማው ውስጥ ካሉት ሐውልቶች ሁሉ በቀልድ የተሠራ የሚመስለኝ ይኼ ብቻ ነው።

ዛሬ ያ ግቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ሌላው አገር ዩኒቨርሲቲውን ሜዳ ላይ ወይም ገዳም ጥግ ይሠራል፤ የእኛው የንጉሥ መኝታ ቤት ውስጥ ገባ። ታሪኩን ወደ ኋላ እየሄዱ ሲያዩት አንድ ነገር ይደጋገማል፦ በየዘመኑ ሥልጣን የያዘው ሰው የዚህን ግቢ በር ለራሱ ጉዳይ ይከፍተዋል፣ ጠርቶ ያስገባው ሕዝብ ግን የተጠራበትን ጉዳይ ትቶ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ገነተ ልዑል የተሠራው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአባታቸው ከራስ መኮንን በወረሱት ርስት ላይ፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። ከምኒልክ ታላቁ ግቢ ጋር ሲተያይ ቪላ ቢሉት ይቀላል። ኖረውበት ሳይጠግቡ የጣሊያን ጦር ገባና እንደራሴው ግራዚያኒ መቀመጫው አደረገው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኔፕልስ ልዑል መወለድ ምክንያት ተደርጎ ምጽዋት ይሰጣል ተባለ። የከተማው ድሃ ተጠርቶ ግቢውን ሞላው፤ ሽማግሌው፣ ዓይነ ስውሩ፣ ልጅ ያዘለችው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ነው። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወታደሮቹ ግን ለምጽዋት በመጣው ሰው ላይ ተኮሱበት። ከግቢው የጀመረው ጭፍጨፋ ከተማውን ለሦስት ቀን አዳረሰው፤ በእኛ በኩል የሚጠቀሰው የሟች ቁጥር 30 ሺህ ነው። ከግቢው በር ውጪ አደባባዩ ላይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው። በየዓመቱ አበባ የሚቀመጠው አደባባዩ ላይ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ደም የፈሰሰው ከአጥሩ ወዲያ፣ ዛሬ ተማሪ ደብተሩን ታቅፎ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመለሱ ቤታቸውን መልሰው ያዙት፤ ለሃያ ዓመት ያህልም መኖሪያቸው ሆነ። ከመንገዱ ማዶ በ1940 ዓ.ም. የአንበሳ ግቢ ተከፈተ። እነዚያ ጎፈራቸው እስከ ደረታቸውና ሆዳቸው የሚወርድ ጥቋቁር አንበሶች ለዘመናት የዙፋኑ ጌጥ ነበሩ። አሁን ደግሞ የሳይንስ መነጋገሪያ ሆነዋል፦ በ2005 ዓ.ም. የወጣ የዘረ መል ጥናት ከአሥራ አምስት የግቢው አንበሶች ናሙና ወስዶ፣ ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለየ ዘር እንዳላቸው አሳይቷል። የስድስት ኪሎ ምሩቅ ሌሊት ሲያጠና ያደመጠውን የአንበሳ ግሣት ሳያነሣ ስለ ግቢው አያወራም።

ዩኒቨርሲቲው ግን የተወለደው እዚህ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ33 ተማሪዎች ነው። መሪው ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ነበሩ። የሚገርመው ሰውየው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን መሆናቸው ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገር ያመሱት፣ አፄ ፋሲለደስ ጠራርገው ያባረሯቸው የኢየሱሳውያን ወራሾች፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ተመልሰው የአገሪቱን የመጀመሪያ ኮሌጅ ያዙ። ስምምነቱ ቀላል ነበር፦ ቀሚሳቸውን አውልቀው ኮትና ሱሪ ይለብሳሉ፣ ሃይማኖት አይሰብኩም፣ ያስተምራሉ። አስተማሩም። ካቶሊክ አላደረጉንም፤ ክርክር ግን አስለመዱን። ይህ የኋላ ኋላ ለመንግሥት ከሃይማኖት ስብከት የባሰ ራስ ምታት ሆኗል።

ከዚያ ታኅሣሥ 1953 መጣ። ንጉሡ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይና ታናሽ ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። መሳፍንቱና ሚኒስትሮቹ እየተጠሩ ገነተ ልዑል ገቡና እዚያው ታገቱ። የኮሌጁ ተማሪዎች አዲሱን መንግሥት ደግፈው ሰልፍ ወጡ፤ ለአገሪቱ ተማሪ የመጀመሪያው የፖለቲካ ሰልፍ ይኸው ነው ቢባል ስሕተት አይመስለኝም። ለንጉሡ የታመነው ጦር ሲገፋ፣ ነገሩ ሲከሽፍ፣ በአረንጓዴው ሳሎን በታጋቾቹ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ጀኔራል ሙሉጌታ ቡሊ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ፣ አባ ሐና ጅማ፣ ሌሎችም እዚያ ወደቁ።

ንጉሡ ተመልሰው ያንን ቤት ሲያዩ ምን ተሰማቸው? ስለዚህ ሁለት ወሬ አለ። አንዱ፣ ደም በፈሰሰበት ቤት መኖር አልፈለጉም፣ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ተሠርቶ ነበርና ለቀቁት ይላል። ሁለተኛው፣ ትምህርት ከሁሉ በላይ የሚወዱት ሥራ ስለነበር ከልባቸው ሰጡት ይላል። ሁለቱን የሚያጣሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ሰው የሚያሳዝነውን ቤት ለሚወደው ልጅ ቢሰጥ ምን ይደንቃል? ከዓመት በፊት ተቃዋሚን ደግፎ ለወጣ ተማሪ መሆኑ ነው እንጂ የሚደንቀው። ለማንኛውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ ከግርግሩ ልክ ዓመቱን ቆጥሮ። አደረጃጀቱን የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አጥንተውት ነበር። ቻንስለሩ ራሳቸው ንጉሡ ሆኑ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ደግሞ የልጅ ልጃቸው ባል ናቸው። ቤቱ ተሰጠ እንጂ ከቤተ ሰብ አልወጣም ነበር።

ተማሪው ግን ስጦታውን ተቀብሎ እጅ የሚነሣ ዓይነት አልሆነም። ዩኒቨርሲቲው ከመመረቁ አስቀድሞም በኮሌጅ ቀን ንጉሡ ፊት ቀርቦ ግጥም የማንበብ ልማድ ነበረ። ወጣቱ ስንኝ ይደረድራል፣ ጃንሆይ ያዳምጣሉ፣ ሽልማት ይሰጣል። በ1953 ዓ.ም.፣ የግርግሩ ደም ሳይደርቅ፣ ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» ብሎ ተነሣ። ርእሱ ብቻውን ይበቃል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ግጥሙ እየመረረ ሄደ፣ የተማሪው አዳሪነትም ቀረ። አንድ ላይ አድሮ አንድ ላይ ከሚያስብ በየቤቱ ቢበተን ይሻላል ተብሎ መሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አልጠቀመም። በ1959 ዓ.ም. ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው፣ «በረከተ መርገም»ን ይዞ መጣ፤ ሲያነብቡት የሚያደክም፣ ረጅም፣ የማይረሳ እርግማን። ግጥም ለንጉሥ ሊቀርብ የሚገባ መወድስ በሆነበት አገር፣ ሸላሚውን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ስንኝ ከራሱ ከሸላሚው አዳራሽ ወጣ።

የአፍሪካ ተማሪዎችም ነበሩበት። ንጉሡ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሌሎችም አገሮች ለሚመጡ ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥተው አስመጧቸው። ከነዚያ አንዱ ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ ነው። እንግዶቹ የመጡት የጥንታዊቷን ነጻ አገር ክብር እንዲያዩ ነበር። ያዩት ግን በቅኝ ግዛት ካሉት አገሮቻቸው የባሰ ድህነት ነው፤ ይህንንም ለኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው ሳይደብቁ ነገሩ። ለአገር ኩራት ተብሎ የተከፈተ በር ኀፍረት ይዞ ገባ።

በ1957 ዓ.ም. የካቲት «መሬት ለአራሹ» ተብሎ ሰልፍ ተወጣ። በዚያው ዘመን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ግዴታም ተጀመረ፦ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ ያስተምራል። መንግሥት ወጣቱ አገሩን እንዲያገለግል ነበር ያሰበው፤ ወጣቱም አገለገለ፣ ግን ጭሰኛውን በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። በግቢው ውስጥ ራሳቸውን ሳይገልጡ ሰልፉንም ምርጫውንም ከበስተጀርባ ያንቀሳቅሳሉ የሚባሉ ጥቂት ጽንፈኞች ነበሩ፤ ተማሪው «አዞዎቹ» ይላቸው ነበር። ከአንበሳ ግቢ ፊት ለፊት አዞ መራባቱን ያስተዋለ ባለሥልጣን ነበረ ይሆን?

በዚያ ሁሉ ቁም ነገር መሐል አንዱ ክስተት ሳቅና ብስጭት ይቀላቅላል። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በግቢው ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። አጭር ቀሚስ የዘመኑ ወሬ ነበር። አብዮተኛው ወጣት ይህ የባህል ወረራ ነው ብሎ ተነሣ፤ እንቁላል ተወረወረ፣ ሰው ተዋረደ፣ ፖሊስ ገባ፣ ተማሪ ታሰረ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህንን ከፀረ ኢምፔሪያሊዝም ትግሉ ምዕራፎች እንደ አንዱ ይቈጥሩታል። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ማርክስን አንብቦ ሌሊት ሌሊት ስለ ዓለም አብዮት የሚከራከር ወጣት፣ የሴት ጉልበት ሲታይ እንደ ደብር አለቃ ተቆጣ። ትርኢቱን ለማየት የሄዱ ሴቶች ነበሩ፤ የስድቡን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው፣ በዚያ ትውልድ ላይ በተጻፉት መጻሕፍት ግን ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም።

በ1962 ዓ.ም. ሳቁ ጠፋ። በኅዳር ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ወጣ፤ ዛሬም ድረስ ሰው የሚያጣላ ጽሑፍ ነው። ታኅሣሥ 19 ምሽት የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመታና ሞተ። ጥላሁን እንግዳ ሰው አልነበረም፤ እኅቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሡ ልጅ የልዑል መኮንን ሚስት ነበሩ። ተማሪው ሬሳውን ከሆስፒታል ወስዶ ወደ ግቢው አመጣው። በማግሥቱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገቡና ተኮሱ፣ ተማሪዎችም ተገደሉ። ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ግቢ ውስጥ ንጉሡን የከዳው ክፍል የክብር ዘበኛው መሆኑን ስናስታውስ፣ የዕጣውን ጠማማነት መሸሸግ ያስቸግራል።

ንጉሡን ያወረደው ደርግ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ግቢውን ባዶ ማድረግ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ ተማሪው ወደ ገጠር ዘመተ፣ ትምህርቱ ለሁለት ዓመት ያህል ቆመ። የንጉሡ ስም ተፋቀና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስም መፋቅ ግን እንደ ልብ አይሄድም። በአሜሪካው ፕሬዚዳንት መታሰቢያነት የተሠራው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት «ያንኪ» ሲወገዝ በኖረበት ግቢ መሐል ለተማሪው ኬኔዲ እንደሆነ ቀረ። ዛሬም ቀጠሮ ሲይዙ «ኬኔዲ በር ላይ» ይባባላሉ፤ ሌላው ቀጠሮ ኪሲንግ ፑል ላይ ነው፣ እሱን ማን እንደሰየመው መጠየቅ አያስፈልግም።

ቤተ መንግሥቱን ያተረፈው ደግሞ ምሁራን መግባታቸው ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ ሆኑ፤ የሲልቪያ ፓንክረስት፣ የዚያች ለኢትዮጵያ ስትሟገት የኖረች እንግሊዛዊት ልጅ ናቸው። ስታኒስላው ሆይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ ደግሞ ሥዕሉን፣ መስቀሉን፣ ቅርሱን እየሰበሰቡ ሙዚየሙን አቋቋሙ። የእሳቸው ስብስብ በገነተ ልዑል ሲቀመጥ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤትም የትርኢቱ ክፍል ሆኑ። ንጉሡን በገደለ መንግሥት ዘመን አልጋቸው ሳይሸጥ፣ ሳይቃጠል፣ እንደ ቅርስ ተቆጥሮ ተረፈ። መስተዋታቸው ላይ የ1953ቱ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አሁንም አለ። ጎብኚው ያንን ዓይቶ ሲወርድ ኮሪደሩ ላይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የቤተ መጻሕፍት ወረፋ ይጠብቃል።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላም በሩ አላረፈም። በታኅሣሥ 1985 ተማሪዎች በኤርትራ ሪፈረንደም ጉዳይ ሰልፍ ሊወጡ ሲሉ ተተኮሰባቸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከአርባ የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተባረሩ፤ እውቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪው እንደገና ተነሣ። የጠየቀው ሥልጣን አልነበረም፣ መሬትም አልነበረም። መጽሔታችን ይታተም፣ ማኅበራችን ይመለስ፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢው ይውጣ ነው ያለው። የ1960ዎቹ ተማሪዎች ጽሑፍ ላይ ቀኑን ሸፍነው ቢያነብቡት ልዩነቱን የሚለይ አይገኝም። ረብሻው ወደ ከተማው ወጣና ብዙ ሰው ሞተ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የዚያ ዓመት ተማሪ ብዙው ትምህርቱን አቋርጦ ወደየአገሩ ሄደ፣ ሌላውም ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ስደተኛ ሆነ።