«ወደ 8 አስተካክለው»

በሰው ሀብት ክፍል ውስጥ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ነው ይቺን ትእዛዝ መጀመሪያ የሰማኋት። የወሩ ታይምሺት ከሶፍትዌሩ ወጥቶ ፊቴ ተደርድሯል። አንዱ ሠራተኛ ማክሰኞ ዕለት የ10 ሰዓት ሥራ ተመዝግቦለታል። ግራ ቢገባኝ አለቃዬን ጠየቅኳቸው። ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «ወደ 8 አስተካክለው» አሉኝ።

«ግን እኮ አምሽቶ...» ስል አላስጨረሱኝም።

«ደመወዝተኛ ነው። በሰዓት አይደለም የሚከፈለው። ፔይሮሉን አትረብሸው።»

አስተካከልኩት። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። የእኛ ሶፍትዌር በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ሲመዘገብ ሳጥኑን ቀይ ያደርገዋል። መውጫ ሰዓቱን ወደ ኋላ ሳብ ስታደርጉት ድምሩ 8 ይሆናል፣ ቀዩም ይጠፋል። ገጹ ጥርት ሲል ዓይን ያርፋል። እውነቴን ነው፣ ደስ ይል ነበር።

ማስተካከል ሁሉ ግን ኃጢአት እንዳይመስላችሁ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። አዲስ የገባ ልጅ «2:30 ገባሁ» ብሎ በቅንነት ሲሞላ፣ ሲስተሙ ልጁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ያስገባዋል። ኔትወርክ ሲጠፋ መውጫው ሳይመዘገብ ይቀርና ሰውዬው ቢሮ ያደረ ይመስላል። መስክ የወጣ አለ፣ ፈቃድ ላይ ሆኖ «ቀሪ» የተባለ አለ። ሠራተኛውም ቢሆን ሁሌ ንጹሕ አይደለም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልኩ «ገብቻለሁ» የሚለውን የሚነካ ሞልቷል። ይሄን ሁሉ የሚያርም ሰው የግድ ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ጣጣው የመጣው ሰኔ ካለፈ በኋላ ነው።

ሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ነው። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አለችን። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ እኛ 11:30 ላይ ቦርሳችንን አንጠልጥለን ስንወጣ እሷ እስከ ምሽቱ 1:30 ትቀመጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንዳንድ ቀን 10 ደቂቃ፣ አንዳንድ ቀን 15 ደቂቃ ታረፍዳለች። ሐምሌ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። «በወሩ ውስጥ በድምሩ 95 ደቂቃ አርፍደዋል» ይላል።

ደብዳቤውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። አልጮኸችም። «ማርፈዴ ልክ ነው» አለች፤ «ማምሸቴስ የታለ?»

ስክሪኑን አዞርኩላት። መግቢያዋ እስከ ደቂቃው ድረስ ተቀምጧል። ድምሩ ግን ከላይ እስከ ታች 8፣ 8፣ 8... ነው። አንድም ቀይ የለም።

«ማነው የቀየረው?»

መልሱን ሳልነግራት ታሪኩን የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩት። ብዙዎቹ የሰዓት መመዝገቢያ ሶፍትዌሮች ይሄ ነገር አላቸው። ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረ ይጽፋሉ። «ከ10 ወደ 8» ይላል፤ ከጎኑ የእኔ ስም። ከሥሩ ሌላ «ከ10 ወደ 8»፤ ከጎኑ የእኔ ስም። ምክንያት መጻፊያው ባዶ ነው። አሥራ አምስት ቀን፣ አሥራ አምስት ጊዜ የእኔ ስም። አለቃዬ ደግሞ የትም ቦታ የሉም። ትእዛዙ በአፍ ነበራ!

ያን ቀን ማታ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በስልኬ አውርጄ አነበብኩት። ሰው ሀብት ክፍል ተቀጥሬ እስከዚያ ቀን አለማንበቤ ራሱ ያሳፍራል። «ደመወዝተኛ ትርፍ ሰዓት የለውም» የሚለውን ፈለግኩ፣ አጣሁት። አዋጁ ውጭ የሚያደርገው የሥራ መሪን ነው፤ ማለትም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን የተሰጠውን ሰው። የመንግሥት ሠራተኛም የራሱ አዋጅ አለው። በወር ደመወዝ የሚከፈላት የግል ድርጅት የሒሳብ ባለሙያ ግን፣ «ኦፊሰር» ተባለች «ሲኒየር»፣ በዚህ አዋጅ ሥር ነች።

አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በተወሰኑ አስገዳጅ ምክንያቶችና በአሠሪው ትእዛዝ ነው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ክፍያውም ተቆርጦ ተቀምጧል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ መስመር ነው፦ ትእዛዙንና በትክክል የተሠራውን ትርፍ ሰዓት መዝግቦ የመያዝ ግዴታው የአሠሪው ነው። እኔ ደግሞ በአሠሪው ስም ቁጭ ብዬ ስሰርዝ ነበር።

ወደ ብር እንለውጠው። ሳምንታዊው 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። ለማስላት እንዲመች ደመወዟ 20,800 ብር ነው እንበል። አንዱ ሰዓት 100 ብር፣ ትርፍ ሰዓቱ 150 ብር መሆኑ ነው። በቀን 2 ሰዓት፣ በሳምንት 10 ሰዓት፣ በሦስት ሳምንት 30 ሰዓት። 4,500 ብር! በእኔ ጣት፣ በየቀኑ በሦስት ሰከንድ የጠፋ።

በማግስቱ የለውጡን ታሪክ አትሜ ሰጠኋት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ የራሴን ስም ነው የማስረክበው። እሷ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር ነበራት። የክፍል ኃላፊዋ «ሒሳቡ እስኪዘጋ እንድታመሺ» ብለው የላኩላትን ኢሜይል አላጠፋችውም። ሁለቱን አያይዛ ማመልከቻ አስገባች። ደብዳቤው ተነሣላት። ክፍያው ሁለት ወር ፈጀ እንጂ እሱም መጣ። አለቃዬ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰላምታ ነፈጉኝ። ከዚያ በኋላ ግን «አስተካክለው» ሲሉኝ «ምክንያቱ ምን ተብሎ ይጻፍ?» እላለሁ። ይቺ ጥያቄ ብዙ ነገር ታቆማለች።

እናንተም የሰዓት መመዝገቢያ አፕ ስልካችሁ ላይ ካለ ከእኔ ጥፋት ይሄን ውሰዱ። ወር ሲዘጋ «አጽድቅ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት ገጹን ስክሪንሾት አድርጉ፣ በኋላም ከደመወዝ ወረቀታችሁ ጋር አስተያዩት። አምሹ ስትባሉ ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁን፤ በቴሌግራም የመጣች አንዲት መስመርም ከአፍ ትሻላለች። በቃል ከሆነ ራሳችሁ «ባሉኝ መሠረት ዛሬ እስከ 1:30 አመሻለሁ» ብላችሁ ላኩ። ቁጥሩ ተቀይሮ ካገኛችሁት ማን፣ ለምን እንደቀየረው ጠይቁ። ደግሞ አትዘግዩ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

እንደ እኔ ከዚያኛው ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ደግሞ የተሳሳተውን አርሙ፣ ሥራችን ነው። ምክንያቱን ግን ጻፉ፣ ለባለቤቱም ንገሩት። ልትነግሩት የማትደፍሩት እርማት ከሆነ እርማት አይደለም።

አሁንም ወር ሲደርስ ቀይ ሳጥኖች ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ነበሩ። አንዱ መውጫውን ሳይመዘግብ የወጣ ሰው ነው፤ ደውዬ ጠይቄው አረምኩት። ሁለቱ በእውነት ያመሹ ናቸው። እንደ ቀሉ ወደ ፔይሮል ላክኋቸው።