ቀላል አይሮፕላንና ስስ አየር

በኢሉባቦር ያደገ ተማሪ በረዶ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለው የቤቱን ቆርቆሮ እያንኳኳ የሚወርደው ድፍን በረዶ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ እየወረደ ምድሩን የሚያለብስ ሌላ ዓይነት በረዶ አለ። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ስም ስለሚጠራቸው፣ ጸሐፊ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መግለጽ ይኖርበታል። ከዚህ በታች የሚነገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

አይሮፕላን ከምድር የሚነሣው ሞተሩ ስለሚጎትተው ብቻ አይደለም፤ በክንፉ ላይና ታች የሚያልፈው አየር ወደ ላይ ስለሚያነሣውም ነው። አየሩ ደግሞ የክንፉን ገጽ ተከትሎ እንዲፈስ ገጹ ልሙጥ መሆን አለበት። ሌሊቱን በሜዳ ያደረ ቀላል አይሮፕላን ክንፉ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ስስ ውርጭ ቢይዝ እንኳ የማንሣት ኃይሉ እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ተለማማጁ በራሪ ይህን ሳይጠርግ ቢነሣ፣ አይሮፕላኑ ጥቂት ከፍ ብሎ ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። ማረፍም ቀላል አይደለም። ምድሩም ሰማዩም ነጭ ሲሆን፣ ከመሬት በስንት ክንድ ከፍታ ላይ እንዳለ ዓይኑ መለየት ይሳነዋል።

በአገራችን የአይሮፕላን ሜዳዎች እንዲህ ያለ በረዶ የለም። የእኛ አገር በራሪ ፈተና ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስስ አየር ክንፉን በሚገባ አያነሣም፤ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ሽቅብ መውጣቱም ይዘገያል።

የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በ1921 ዓ.ም. ነበር። በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጥቅምት 23 ቀን ለተከበረው የዘውድ በዓል ዝግጅት ሲደረግ፣ በትሪኒዳድ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ሂዩበርት ጁልያን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አስነሣ። ይህ በእንጨትና በሸራ የተሠራ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ቀላል አይሮፕላን ነበር። ጁልያን ተለማማጅ አልነበረም፤ እንዲያውም በአሜሪካ ጋዜጦች ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ዝናው ግን ከዛፍ በላይ አላሻገረውም፤ አይሮፕላኑ ከባሕር ዛፍ ጋር ተላትሞ ተሰባበረ። እርሱ በሕይወት ተረፈ፤ ነገር ግን ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን በራሪዎች መካከል ሆነው የተነሡት በዚሁ ዘመን ነው።

ጉዳዩን ወደ ያዮ አቅራቢያ እናምጣው። ጋምቤላ 500 ሜትር፣ ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በጋምቤላ በአጭር ሜዳ የሚነሣ ቀላል አይሮፕላን፣ ያንኑ ጭነት ይዞ ከጎሬ ሲነሣ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ሜዳው አጭር ከሆነ ጭነቱ መቀነስ አለበት። ሙቀትም አየርን ስለሚያሳሳ፣ የጋምቤላ የቀትር አየር ከማለዳው ይልቅ ያስቸግራል። ተለማማጆች አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ እንዲበሩ የሚደረገውም በከፊል ስለዚህ ነው።