የሳተላይት መሪና የአብራሪው ልቡና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚበር አብራሪ፥ ሰማዩ በጠራበት ቀን፥ ዝዋይን፥ ላንጋኖን፥ አብያታንና ሻላን ተራ በተራ እያለፈ ከሻሸመኔ በላይ ሲደርስ የሐዋሳን ሐይቅ ከፊቱ ያገኘዋልና፥ የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ራሳቸው መንገድ ያሳዩታል። የክረምት ደመና ሸለቆውን በጋረደ ጊዜ ግን ዐይን ስለማይረዳ፥ አብራሪዎች ለብዙ ዘመን የሚታመኑት በምድር ላይ በተተከሉ የራዲዮ ጣቢያዎች ነበር፤ ዛሬ ይህን አገልግሎት በይበልጥ የሚሰጠው ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው የሳተላይት መሪ ነው።

ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩት ሳተላይቶች እጅግ የረቀቀ ሰዓት ተሸክመው ምልክት ሲልኩ፥ በአውሮፕላኑ ያለው ተቀባይ ምልክቱ በመንገድ የቈየበትን ጊዜ መርምሮ ርቀቱን ያሰላል፤ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ሲያገኝም ስፍራውንና ከፍታውን ይለያል። በ1983 እ.ኤ.አ. መንገዱን የሳተ የኮሪያ አውሮፕላን በሶቪየት ኅብረት ተመትቶ 269 ነፍሳት ከጠፉ በኋላ፥ የአሜሪካ መንግሥት ለጦር ሠራዊት የተሠራው ይህ የሳተላይት ጥበብ ለሰላማዊ በረራ እንዲፈቀድ ቃል ገባ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያውቀው አውሮፕላኑ ያለበትን ስፍራ እንጂ አብራሪው በልቡ ያሰበውን አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ፥ ወደ ካሊ ሲወርዱ የነበሩ አብራሪዎች «ሮሶ» የተባለውን ጣቢያ አስበው በጉዞ ኮምፒዩተራቸው ላይ አንዲት ፊደል ቢመርጡ፥ ኮምፒዩተሩ በቦጎታ አጠገብ ወዳለው «ሮሜዮ» አዞራቸውና ከተራራ ተላትመው 159 ሰዎች ሞቱ፤ ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሞ ነበር።

በአገራችንም ነገሩ የራሱ መልክ አለው። የቀደሙት ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የቦታ መለኪያ መሠረት ሲሆን፥ ሳተላይቱ የሚጠቀመው ግን በ1984 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሁሉ የተወጠነውን መሠረት ነውና፥ የአንዱን ቁጥር በሌላው ላይ የሚያስገባ ሰው በዚህ በስምጥ ሸለቆ ከ100 ሜትር በላይ ይስታል፤ የትልቅ ማኮብኮቢያ ስፋት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 45 ሜትር ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለበረራ የሚታተሙ የቦታ ቁጥሮች ሁሉ በአዲሱ መሠረት እንዲወጡ የደነገገው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የአብራሪዎች ሥርዓት፥ አንዱ አብራሪ ቁጥሩን ሲያስገባ ሁለተኛው ከካርታው ጋር አስተያይቶ ጮክ ብሎ እንዲያነብ፥ አንዱ በመሣሪያው ሲጠመድ ሌላው ዐይኑን ከበረራው እንዳያነሣ፥ ምልክቱ የተቋረጠ እንደሆነም ሁለቱም ያለ ሳተላይት የሚመሩበትን ጥንታዊ ሙያ እንዳይዘነጉ ያዛል። ይህ ልማድ በትምህርትና በትጋት የሚገኝ እንጂ ከመሣሪያው ጋር ተገዝቶ የሚመጣ ስላልሆነ፥ ከሻሸመኔ ወጥቶ በሐዋሳ የሚሳፈረው መንገደኛ ደኅንነቱ የጸናው ከሳተላይቱ ረቂቅነት ይልቅ፥ አንዲት ፊደል እንኳ ሳይመረምሩ ለማለፍ በማይፈቅዱ የሁለት ሰዎች ኅሊና ላይ ነው።