ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ

ከአውበሬ ወደ ጅግጅጋ የሚሄደው መኪና ሰው እስኪሞላለት ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። እኛም ለፍርድ ቤት ጉዳይ በምንጓዝበት ቀን ከነጂዎቹ ጋራ ሻይ እየጠጣን እንጠብቃለን። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ የሚታሰበን በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ የኖሩት ሙዚቀኛ አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን፤ የዓመቱም ቍጥር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አቶ ኃይሉ በ1946 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ዋልያስ ከተባለው ባንድ ጋራ በሂልተን ሆቴል ኪቦርድ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ዘመን ሸክላ የሚሸጠው በዘፋኙ ስም ነበርና፥ መሣሪያ የሚጫወተው ሰው ከኋላ ቆሞ ስሙ ሳይነሣ ይቀር ነበር። ዋልያስ ግን በ1977 ዓ.ም. «ጨ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሸክላ አወጣ። ቃል የሌለው ዜማ በራሱ ለመቆም እንደሚችል በዚህ ታወቀ። ኋላም በ2005 ዓ.ም. የሙላቱ አስታጥቄ ዜማዎች «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ በተሰሙ ጊዜ፥ እንዲህ ያለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለብዙ የውጭ አገር ሰው ጆሮ ደረሰ።

በ1981 ዓ.ም. ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ እኩሌቶቹ ሲመለሱ አቶ ኃይሉ በዚያው ቀሩ። በ1985 ዓ.ም. በወጣትነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን አንሥተው፥ ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋራ አስማምተው፥ የከበሮውንም ምት በማሽን አድርገው፥ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያ በኋላ ግን ኑሮ ግድ አለና መሪ ጨበጡ። ቢሆንም በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናቸው ኋላ አኑረው፥ በአይሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። የሚሰማቸው ሰው አልነበረም፤ የሚከፍላቸውም አልነበረም።

ከዚህ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንኑ ካሴት በባሕር ዳር ገበያ አገኘና ባለቤቱን ፈልጎ፥ ከ28 ዓመት በኋላ በ2013 ዓ.ም. እንደገና አሳተመው። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 ዓ.ም. «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጡ። ጣታቸው ሥራውን ረስቶ ቢሆን ኖሮ የካሴቱ መገኘት ብቻ ምን በጠቀማቸው?

በቅርቡ አንድ ጎረቤታችን፥ «ልጄ ከኪቦርድ አይለይም፤ ምን ይበላ ይሆን?» ብለው አማከሩን። ሥጋታቸው እውነት ነው፤ አቶ ኃይሉንም ለብዙ ዓመት ያበላቸው መሪው እንጂ ዜማው አይደለም። ስለዚህ ልጁ እንጀራ የሚሆነውን ሥራ ይማር አልናቸው፤ ኪቦርዱን ግን አይንጠቁት። ሰው የሚጠብቅበት ሰዓት ብዙ ነውና፥ ያን ሰዓት የሚሞላበት ነገር ያለው ልጅ አይጎዳም።