ጥለቱ ላይ የተጻፈው



ባለፈው ሴሚስተር በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ሥዕል ሲዘዋወር ሰንብቶ ነበር። የአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። መርየም (ዐለይሃ ሰላም) ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ በራሳቸው ዙሪያ ባለው የወርቅ ክብ ላይ ዐረብኛ የሚመስል ጽሑፍ ዞሮ ይታያል። ከሥሩ «ሠዓሊው እስልምናውን ደብቆ የኖረ ሙስሊም ነበር፤ ሸሃዳውን እዚህ ጽፎ አለፈ» የሚል ተጨምሮበታል። ብዙዎቻችን «ሱብሓነላህ» ብለን ለሌላ አሳለፍነው። እኔም አሳልፌዋለሁ። በኋላ ሳጣራ ግን እውነቱ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። እውነቱ ደግሞ ለእኛ፣ አርባ ምንጭ ለምንማረው፣ ከወሬው ይልቅ ቅርባችን ነው፤ ነገሩ የሸማ ነገር ነውና።

ሥዕሉ ራሱ እውነተኛ ነው። ጀንቲሌ ዳ ፋብሪያኖ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1423 የሣለው ሲሆን ዛሬ ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ በኡፊዚ ሙዚየም ይገኛል። ያሠራው ፓላ ስትሮዚ የሚባል በጊዜው ከከተማዋ ባለጸጎች ሁሉ የላቀ የባንክ ሰው ነበር። ፊደሎቹ በእርግጥ የዐረብኛ መልክ አላቸው፤ አሊፍና ላም የሚመስሉ ቀጥ ያሉ ዘንጎች፣ ከሥር የሚያያይዛቸው መስመር። ሆኖም ቁርኣን የቀራ ሰው ተጠግቶ ሊያነባቸው ቢሞክር አብዛኛው ቃል አይሆንለትም። በእንደዚህ ዓይነት ሥዕሎች ላይ እዚህም እዚያም ቃል እናነባለን ያሉ ምሁራን አሉ፣ ነገር ግን ባጠቃላይ ፊደሉን ሳያውቅ መልኩን የቀዳ ሰው እጅ ነው። ሠዓሊው እሱ ብቻም አይደለም። ከ1300 አካባቢ፣ ከጆቶ ዘመን ጀምሮ፣ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የጣሊያን ሠዓሊዎች የመርየምን መጎናጸፊያ ጠርዝ በዚህ ዓይነት «ጽሑፍ» ሲያስጌጡ ኖረዋል። ቨሮኪዮ በነሐስ ባቆመው የዳዊት ሐውልት ላይም የልብሱ ጠርዝ እንዲሁ ነው። ሁሉም በድብቅ ሰልመው ነበር ልንል ነው?

ጠርዝ የሚለውን ቃል ያዙልኝ። በእኛ ቋንቋ ጥለት ነው።

በዐባሲያና በፋጢሚያ መንግሥታት ጊዜ «ጢራዝ» የሚባል ልብስ ነበር። በልብሱ ጠርዝ ወይም በእጅጌው ላይ በሐር ክር ጽሑፍ ይገባበታል፦ የአላህ ስም፣ ዱዓ፣ የኸሊፋው ስም፣ አንዳንዴም የተሠራበት ከተማና ዓመት። የሚሠራው በመንግሥት የሽመና ቤቶች ነበር፤ የገዥው ስም በጢራዝ ላይ መውጣቱ በገንዘብ ላይ እንደመቀረጹና በጁሙዓ ኹጥባ ላይ እንደመጠራቱ የሥልጣን ምልክት ነው። ለሹም ይሸለማል፣ ለእንግዳ መልእክተኛ ይሰጣል፤ ከዚያ ነጋዴ እጅ ይገባና ባሕር ይሻገራል። አውሮፓ ሲደርስ የሚያነበው የለም። የሚታወቀው ከምሥራቅ፣ ከነቢያት አገር፣ በከባድ ዋጋ የመጣ ጨርቅ መሆኑ ብቻ ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ አፕት በምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የቅድስት ሐና መሸፈኛ» እየተባለ ለዘመናት የተከበረ ጨርቅ አለ፤ ሐና የመርየም እናት ናቸው። ጽሑፉ ሲነበብ ግን ግብፅ፣ ዲምያጥ ከተማ፣ በፋጢሚያው ኸሊፋ በአል-ሙስተዕሊ ስም እ.ኤ.አ. በ1096 ወይም በ1097 የተሠራ ጢራዝ ሆኖ ተገኘ። እዚሁ አገራችንም በትግራይ ደብረ ዳሞ ገዳም ውስጥ ዐረብኛ ጽሑፍ ያለባቸው የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም አገር ጨርቆች ተገኝተዋል። ገዳሙ አልሰለመም፣ ሸማኔውም አልከፈረም። ጨርቁ ተሽጦ ተገዛ፣ ተሰጥቶ ተቀመጠ።

የጣሊያን ሠዓሊ እንግዲህ መርየምን ሊያከብር ሲነሣ በከተማው ካለው ጨርቅ ሁሉ ውዱን አለበሳቸው። ፊደሉንም በዒሳ (ዐለይሂ ሰላም) ዘመን የነበረ የቅዱስ አገር ጽሕፈት ሳይመስለው አልቀረም። የኛ ሠዓሊ የጥንት ሰው ሲሥል የሚያውቀውን ጋቢ እንደሚያለብሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከተማዋ መናገር ግድ ነው። ሬነሳንስ ወይም የሕዳሴ ዘመን ሲባል ሊቅ ሠዓሊዎች ብቻቸውን ተቀምጠው ተአምር የሠሩበት ጊዜ ተደርጎ ይነገረናል። ፍሎረንስ ግን አስቀድማ የጨርቅ ከተማ ነበረች። የሱፍ ጨርቅ እያሠራች፣ እያቀለመች፣ እየሸጠች ነው የከበረችው። ነጋዴውና ባለሙያው በየማኅበሩ የተደራጀ ሲሆን ማኅበሩን የሚጠሩት «አርቴ» ብለው ነው፤ ጥበብ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ሥነ ጥበብም የሸማ ጌጥም እንደሚሆነው፣ የእነሱም ቃል ሙያንም ማኅበርንም ይሸከም ነበር። የታወቀውን የጥምቀት ቤት የነሐስ በር እ.ኤ.አ. በ1401 ለውድድር ያቀረበው የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ነው፤ ጊቤርቲ አሸነፈ። ብሩኔሌስኪ ከ1420 እስከ 1436 ያቆመው የካቴድራሉ ትልቅ ጉልላት በሱፍ ማኅበር አስተዳዳሪነት ተሠራ። የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያውን ያሠራው የሐር ማኅበር ነው። ሠዓሊዎቹስ? የራሳቸው ማኅበር እንኳ አልነበራቸውም፤ ከሐኪሞችና ከመድኃኒት ቀማሚዎች ጋር ነበር የሚመዘገቡት። ውል ይፈርማሉ፣ ይህን ያህል ወርቅ፣ ይህን ያህል ሰማያዊ ቀለም ተብሎ ይጻፍላቸዋል። ባለእጅ ነበሩ።

ሱፉን የሚያበጥረውና የሚያጥበው የቀን ሠራተኛ ግን ምንም ማኅበር አልተፈቀደለትም። «ቾምፒ» ይባሉ የነበሩት እነዚህ ሠራተኞች በ1378 አመፁ፣ ከተማዋንም ለጥቂት ሳምንታት ያዙ፤ ማኅበርም ተፈቀደላቸው። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ፈረሰ፣ በ1382 የተረፈውም ለውጥ ተሻረ። ጉልላቱን ያቆመው ገንዘብ በእነዚህ ሰዎች እጅ አልፎ የመጣ ነው። ስለ ሬነሳንስ ሲወራ የማይነገረን ይህኛው ወገን ነው።

ከሴቻ ገበያ ተነሥቶ የጨንቻን ዳገት የወጣ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት መጽሐፍ ብዙም አያስፈልገው። ዶርዜ ሲደርስ ከቀርከሃ የተሠሩት ረጃጅም ቤቶች አጠገብ ሸማኔው ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። ጥጡ ከቆላ የመጣ ነው፤ ደጋው ለእንሰት እንጂ ለጥጥ አይሆንም። ሴቶች ፈልቅቀው፣ ነድፈው፣ በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። እግሩ መርገጫውን ሲያፈራርቅ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ይሻገራል። ነጩ ሜዳ በፍጥነት ይሄዳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይዘገያል። ድሩን በጣቱ እየቆጠረ፣ ባለቀለሙን ክር እያስገባ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ንድፍ፣ ከአባቱ ባየው ቁጥር ነው የሚሠራው። አጠገቡ ቆማችሁ ብታወሩት አይመልስላችሁም፤ ቁጥሩ ይጠፋበታል። እኔ ደርሶብኛል፣ ጥያቄዬን ይዤ እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

ይህም ጥበብ ብቻውን አልበቀለም። ጋሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ አዲስ አበባ ትልቅ የሸማ ገበያ ሆነች። የጋሞ ሸማኔዎች ወደዚያ ወጥተው ጉለሌና ሽሮ ሜዳ ሰፈሩ፤ ዛሬ «የሐበሻ ልብስ» የምንለውን ያለበሱን በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ራሳቸው የሚያውቁት ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ዱንጉዛ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ገበያው የጠየቀውን ነጩን ባለጥበብ ሠሩ። ክብሩስ? ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ሲያወጡ ሸማኔው ከሚሰደቡት መካከል ነበር። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። በጋሞ ምድር ደግሞ ሸማኔው ከገበሬው እኩል ሲቆጠር ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ለረጅም ዘመን ከመሬትም ከጋብቻም ተገልለው ኖረዋል። የጋሞ ደጋ ልጆች «ሙያ ትማራላችሁ፣ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ» ተብለው ወደ አዲስ አበባ ከተወሰዱ በኋላ ጉድጓድ ላይ ረጅም ሰዓት መዋላቸውም በተደጋጋሚ የተዘገበ ነገር ነው። የፍሎረንስ ቾምፒዎች እዚህም አሉ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከእህቶቻችን ጋር ስንጨዋወት «ነጠላና ቀሚስ የክርስቲያን ልብስ ነው» የሚል ንግግር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ታሪኩ እንዲህ አይልም። በጎንደር፣ በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው የሙስሊሞች ሰፈር ታሪኩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ይነግዳል፣ ይሸምናል። የጎንደር ሙስሊሞች በሁለቱም ታወቁ፤ የከተማውን ሰው፣ ክርስቲያኑንም ጭምር፣ ሸማ ያለበሰው አንዱ እጅ የሙስሊም ሸማኔ እጅ ነው። ሐረርም እንዲሁ ነች፦ በ1855 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የሐረርን የእጅ ሸማ ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ አስበልጦ አድንቆታል። እንግዲህ ሸማው የማን ሃይማኖት ነው ከማለት ይልቅ ማን አዘዘው፣ ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የመስቀል ጥለት ያለበት ልብስ ሌላ ጉዳይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው የመስቀል ምስል ያለበትን ነገር ሳያፈርሱ እንደማይተዉ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸው በቡኻሪ ተዘግቧል፤ ዝርዝር ፍርዱን ዑለሞችን ጠይቁ፣ እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ስለ ጥለት በጠቅላላው ግን ሁለት ሐዲሶች ሁልጊዜ አብረው ትዝ ይሉኛል። በአንደኛው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጌጥ ባለው ልብስ ሰግደው ጌጡ ሐሳባቸውን ስለሳበው ልብሱን ወደ አቡ ጀህም ልከው በምትኩ ጌጥ የሌለውን እንዲያመጡላቸው አዘዙ። በሌላኛው አንዲት ሴት ጠርዙ ያልተቆረጠ፣ ባለጥለት ቡርዳ በእጇ ሸምና አመጣችላቸው፤ ተቀበሏትና ለብሰው ወጡ። ከሶሓቦች አንዱ «ስጡኝ» አለ፣ እሳቸውም ሰጡት። ሰዎች ሲወቅሱት ከፈን እንዲሆነው ፈልጎ እንደለመነ ተናገረ፤ ያም ልብስ ከፈኑ ሆነ። የሴትዮዋ ስም በሐዲሱ ውስጥ አልተጠቀሰም። በእጇ መሸመኗ ግን ተጠቅሷል።

ሥዕሉን በተመለከተ፣ የሰው ምስል ስለመሣል ዑለሞች ያሉትን ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ የምናገረው ለማወቅ ያህል ነው። ታሪክን ለማወቅ ደግሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ዲናችን የጀንቲሌ ዳ ፋብሪያኖ ምስክርነት አያስፈልገውም፤ ሐሰት ሆኖ የተገኘ ወሬ ስናሰራጭ በካምፓስ የሚያየን ሰው የሚጠረጥረው ሠዓሊውን ሳይሆን እኛን ነው። ስህተቱን ከራሴ ጀምሬ ግሩፑ ላይ አርሜያለሁ።

ለሚመጣው ዒድ ከዶርዜ ወይም ከጨንቻ ነጠላ ለማሠራት ያሰባችሁ እህቶች አስቀድማችሁ እዘዙ፤ ወፍራም ጥለት ቀናት ይፈጃል። ጥለቱ መስቀል እንዳይኖረው ከፈለጋችሁ ድሩ ሳይወጠር ንገሯቸው፣ ሸማኔዎቹ የለመዱት ጥያቄ ነው፣ ቅር አይላቸውም። ገበያ ላይ በፋብሪካ የታተመ፣ ከሩቅ ጥለት የሚመስል ርካሽ ጨርቅ አለ፤ ገልብጣችሁ በጀርባው እዩት፣ የእጅ ሥራ ከሆነ ክሩ ከኋላም ይታያል። ዋጋ ስትከራከሩም በአንድ ስንዝር ጥለት ውስጥ ስንት ድር እንደተቆጠረ ሸማኔውን ጠይቁት። ሥራውን ሲጨርስ ነው እንጂ እየሠራ አይደለም።